ኮፈን ሥር ያለ ውበት ለማን ነው?

ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ ለዓይን አይደለም። ለመታየት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ከቶ የማይታይ ሥራም አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሊታይ የሚችል፣ ግን እምብዛም ማንም የማያየው ሥራ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህን ሦስተኛውን ነው። ምሳሌያችንን ከመጻሕፍት መደርደሪያ አላወረድነውም፤ ከግቢ ነው የወሰድነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው እሑድ ጧት ኮፈኑን ይከፍትና የሞተሩን የአልሙኒየም ክፍሎች አንድ ባንድ እየፈታ፣ ፊት እስኪያሳዩ ድረስ ይፈትጋቸዋል፤ ይወለውላቸዋል። ከዚያ መልሶ ያስራቸዋል። ከዚያስ? ከዚያማ ኮፈኑን ዘግቶ ይሄዳል። በመንገድ የሚያልፈው ሰው የሚያየው ያንኑ የተላጠ ቀለምና የተጣመመ ፓራውልት ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ይኸውና፤ ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው? ራሱን እያታለለ ነው? ጊዜ እያባከነ ነው? ወይስ ለእኛ በሌላው ሥራችን ሁሉ የጎደለንን አንድ ነገር እሱ ሳያውቀው በእጁ ይዞታል?

«ስለ ፍትሕና ስለ ሞት መጻፍ ሲቻል ስለ ሞተር ክዳን ምን ያስጽፋል?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ትልልቅ ጥያቄዎች በባዶ ሜዳ ቆመው አይገኙም፤ በዕቃና በእጅ ሥራ ውስጥ ገብተው ተቀምጠው ነው የሚገኙት። ማንም የማያየውን ነገር በሚገባ መሥራት ዋጋ አለው ወይ ተብሎ በክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ሁላችንም «አለው እንጂ!» ብለን እንወጣለን። የብርጭቆ ወረቀት በእጃችን ይዘን፣ ቀኑ እየመሸ፣ ትከሻችን እየተቃጠለ ስንጠየቅ ግን መልሱ እንዲህ ቶሎ አይመጣም።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ በመጀመሪያ ባጭሩ እንንገር። በብዙ መኪና ሞተር ላይ የባልቦላው ክዳን፣ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ፣ የዲናሞው አካልና ውሃው የሚወጣበት አንገት ቀልጦ ከተቀዳ አልሙኒየም የተሠሩ ናቸው። ዕድሜ ሲጫናቸው ዘይት፣ አቧራና ውሃ ተጋግዘው አመድማና ነጠብጣባም ያደርጓቸዋል። የሚወለወለው ክፍል ይፈታል። በሞተሩ ላይ ክፍት የሚቀረው ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናል፤ ምክንያቱም ወደ ዘይት መንገድ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሞተሩን ውስጥ ትበላለች። ከዚያ ቅባቱ በነጭ ጋዝና በሳሙና ይለቀቃል። ኮስቲክ ሶዳ ግን አይነካውም፤ አልሙኒየሙን እየበላ ሃይድሮጂን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣልና።

ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። የብርጭቆ ወረቀት በጀርባው ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅንጣቱ ይልማል። ሸካራው ቆዳ በ180 ወይም በ220 ይገፈፋል። ከዚያ 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000 እያሉ፣ ወረቀቱን በውሃ እያራሱ መቀጠል ነው። በየደረጃው እጅ አቅጣጫ ይለውጣል፤ ቀድሞ ወደ ቁመቱ የተፈተገው አሁን ወደ አግድሙ ይፈተጋል፤ ይህም የቀደመው ጭረት ጨርሶ መጥፋቱን ለማየት ነው። በመጨረሻ በትራፓኖ ላይ የታሰረ የጥጥ ጨርቅ ይመጣል፤ መጀመሪያ ቡናማው፣ ቀጥሎ ነጩ የመወልወያ ሳሙና ይቀባል። ጨርቁ ሲነካው ከብረቱ የሚወጣው ጥቁር ነው፤ ነጩ ብረት ጥቁር ላብ ያልበዋል። ያንን ጥላሸት በፉርኖ ዱቄት የሚያነሡ ባለሙያዎች አሉ። አንድ ክዳን አንድ እሑድ ይፈጃል ቢባል ማጋነን አይደለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ደረጃ አይዘለልም። ከ220 ተነሥቶ 1000 ላይ ያረፈ ሰው ለጊዜው የሚያበራ ነገር ያገኛል። ፀሐይ ስታርፍበት ግን የ220ው ጭረት እንደ ማረሻ ትልም ተጋድሞ ይታያል። ክዳኑ ደብዛዛ ሳለ ተደብቆ የነበረውን ጭረት ያጋለጠው ራሱ ማብራቱ ነው። አንባቢ ይህን ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ከንቱ ነገር ነው» የሚለው ነው። አበው «ጌጥ ያለ ቤቱ ቁምጥና ነው» ይላሉ። ለጣት ቀለበት፣ ለአንገት ማተብ፣ ለሞተር ደግሞ ዘይት ነው የሚገባው። አሜሪካዊው ቶርስቲን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው ስለ ሥራ ፈቱ መደብ በሚናገር መጽሐፉ፣ ሰዎች ብዙውን ነገር የሚገዙትና የሚያሳምሩት ለጥቅሙ ሳይሆን የማባከን ዐቅም እንዳላቸው ለሌላው ለማሳየት ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በዚህ ዓይን ከታየ የሚያብረቀርቅ ሞተር «ለዚህ የሚሆን ትርፍ ጊዜ አለኝ» የሚል ማስታወቂያ ነው።

ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሞተሩን የወለወለ ሰው በሆነ ባልሆነው ኮፈኑን ሲከፍት እናያለን፤ ዘይት ላይ ብሎ፣ ውሃ ላይ ብሎ፣ እንዲያው ዝም ብሎም። ነገር ግን ለመታየት ብቻ የሚሠራ ሰው አሠራሩ ይታወቃል። የሚታየውን ያበራል፤ የማይታየውን ይዘለዋል። የባልቦላውን ክዳን ከላይ ያሳምረዋል፤ የዲናሞውን ጀርባ ግን እንዳለ ይተወዋል። እጁን አጣምሞ፣ ጣቱን እየላጠ የዲናሞውን ጀርባ የሚፈትግ ሰው ካለ ለቬብለን ንድፈ ሐሳብ አስቸጋሪ ምስክር ነው። እዚያ የሚያየው የለማ!

ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ለባህላችን እንግዳ አይደለም። ብራና የሚያዘጋጀው ሰው ቆዳውን ወጥሮ ጠጉሩንና ስቡን ይፍቃል፤ በድንጋይ ይፈትገዋል። መጽሐፉን የሚያነበው ሰው ፊደሉንና ሐረጉን ያያል እንጂ ፍቀቱን አያይም። ፍቀቱ ካልተስተካከለ ግን ቀለሙ ይፈሳል፤ ብዕሩም ይደናቀፋል። ጥልፍ የሚያውቁ እናቶችም ጥልፍ ሲሰጧቸው መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን ነው የሚያዩት። የክሩ ቋጠሮ በጀርባ ከተዝረከረከ የፊቱ አበባ አያታልላቸውም። እንግዲህ የማይታየውን ማስተካከል ሁልጊዜ ከንቱነት ነው ማለት አይቻልም። አንዳንዴ የሚታየው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ መኪና ገዝቶ የተቃጠለ ሰው ያውቀዋል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ሲብለጨለጭ ካየ ደስ አይለውም፤ ይጠረጥራል እንጂ። አብሮት የሄደው መካኒክ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ይኼማ ታጥቧል» ይላል። ቃሉ እንደ ስድብ ነው። ዘይት የሚያፈስ ሞተር ለሽያጩ ቀን ይታጠባል፤ የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ይረጭበታል፤ ገዢው ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ጓርኒሲዮኑ ማልቀሱን ያቆማል። «የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ» ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ያበራ ሁሉ ውሸታም ከሆነ ቆሻሻው ሞተር ሐቀኛ ነው ልንል ነው? የዚህ ዓይነት አስተሳሰብ በሞተር ብቻ ሳይሆን በሰውም ላይ ሲሠራ እናየዋለን። ንግግሩ የታረመ ሰው «አስመሳይ»፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው «ውስጡን ለቄስ» ይባላል። ያገኘውን ሁሉ የሚሳደብ ሰው ግን «እሱኮ አፉ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በተማሪውም ዘንድ መጎሳቆል የእውነተኛነት የምስክር ወረቀት ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የመኪና ሻጭና ገዢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውበትና እውነት ጠላቶች ናቸው ወይ የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው።

መልሱን ከራሱ ከብረቱ እንጠይቅ። አልሙኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት ብረቶች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ከቅርፊቱ ክብደት 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ነገር ግን ብቻውን አይገኝም፤ ከኦክሲጅንና ከሌሎች ነገሮች ጋር ተቆራኝቶ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ይኖራል። ዴንማርካዊው ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1825 ከለየው በኋላ ለብዙ ዓመታት እንደ ከበረ ማዕድን የሚታይ ውድ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ የተቀመጠው 2.8 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የአልሙኒየም ቁንጮ ለዚህ ምስክር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ሳይመካከሩ፣ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው፣ አልሙኒየምን በኤሌክትሪክ ኃይል በርካሽ የማውጣቱን ዘዴ አገኙ። ሁለቱም በ1863 የተወለዱ ናቸው፤ ያን ጊዜ ገና የእኛ እኩዮች ነበሩ ማለት ነው። ለሐውልት ጫፍ የተመረጠው ብረት ከዚያ ወዲህ ድስት ሆነ፤ የሞተር ክዳንም ሆነ።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመን ግን ጠባዩ ነው። ጥቁር ብረት ሲዝግ ዝገቱ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው ይገለጥና በተራው ይዝጋል፤ እንዲህ እያለ እስኪያልቅ ይሄዳል። አልሙኒየም እንዲህ አይደለም። አዲስ የተፈተገው ገላው አየር እንደነካው ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐድና በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ያበጃል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮን እጅ ጥቂቱ ነው። ይህ ልባስ አይረግፍም፤ አጥብቆ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። እንግዲህ አልሙኒየም በገዛ ዝገቱ ይጠበቃል ማለት ይቻላል። እኛ ስንፈትገው ጋሻውን እንገፈዋለን፤ እሱ ደግሞ ወዲያው ሌላ ይሠራል። የሚገርመው፣ በብዙው የብርጭቆ ወረቀት ላይ የተለጠፈው ቅንጣት ራሱ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ነው። ብረቱን የሚፈትገው የገዛ ዝገቱ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ብርሃኑ እንደ ንብረት የሚቀመጥ አይደለም። ዝናብና እርጥበት፣ ሙቀትና አቧራ ቀስ እያሉ ያደበዝዙታል። «አበራሁት፣ አለቀ» ማለት የለም። አርስጣጣሊስ ስለ ምግባር ሲያስተምር፣ ሰው በገና ደርዳሪ የሚሆነው በመደርደር እንደሆነ ሁሉ ትክክለኛም የሚሆነው ትክክለኛ ሥራ በመሥራት ነው ይል ነበር። በጎነት አንድ ጊዜ ተገዝቶ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ነገር አይደለም፤ በመደጋገም የሚገኝ የእጅና የልብ ልማድ ነው። ሞተር የሚወለውል ሰው ይህን ትምህርት ክፍል ሳይገባ ይማረዋል። ባለፈው ዓመት መወልወሉ ዘንድሮ አያበራለትም።

ሁለተኛው ይበልጣል። መወልወልና መቀባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ግን አንድ ይመስላሉ። መቀባት መጨመር ነው፤ መወልወል መቀነስ ነው። ሻጩ የረጨው ፈሳሽ በነገሩ ላይ ሌላ ነገር ጨመረበት፤ ገዢው የሚያየው ፈሳሹን ነው። ወረቀቱ ግን ምንም አይጨምርም፤ ይነሣል እንጂ። በመጨረሻ የሚያበራው ሌላ ነገር አይደለም፤ ራሱ ብረቱ ነው።

ከሥራው በኋላ የሚሆነውንም እንመልከት። በቆሸሸ ሞተር ላይ አዲስ የዘይት ጠብታ አይታይም፤ በአሮጌው ቅባት ውስጥ ይጠፋል። ሞተሩ ለስድስት ወር ሲያፈስ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። በተወለወለ ክዳን ላይ ግን ጠብታው በነጋታው ይታያል፤ ከየትኛው ቡሎን ሥር እንደመጣም ጭምር። እንደ ጠጉር የቀጠነ ስንጥቅም በመፈተግ ላይ ሳለ በጣት ይዳሰሳል። ስለዚህ ሞተሩን ከልቡ የወለወለ ሰው ነውር የሚደበቅበትን ጨለማ በገዛ እጁ አጥፍቷል። ቀድሞ አንባቢ ይያዝልን ያልነው የ220ው ጭረትም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ማብራት ጉድለትን አይሸፍንም፤ ያጋልጣል።

እንግዲህ በሐቀኛውና በአታላዩ መካከል መለያው የብርሃኑ መጠን አይደለም። መለያው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። አታላዩ የሚያሳምረው ለአንድ ቀን ነው፤ በማግስቱ መኪናው የሌላ ሰው ነው፤ ጠብታውም እንደዚሁ የሌላ ሰው ነው። ሐቀኛው የሚወለውለው ነገ ለሚመጣው ጠብታ ነው፤ ጠብታውን የሚያየውም፣ የሚጠየቅበትም ራሱ ነው። ውበት ውሸት የሚሆነው የሠራው ሰው ከውጤቱ ሲሸሽ ነው። ከውጤቱ ጋር አብሮ የሚኖር ከሆነ ግን ውበቱ የተጠያቂነት ዓይነት ነው።

ይህንንም ወደ ሰው እንመልሰው። ንግግሩ የታረመ ሰው ሁሉ አስመሳይ አይደለም፤ ንግግሩ የጠራ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ ከሩቅ ይታያል። የኛው የተማሪዎች ጽሑፍ እንኳ በዚህ ሊመዘን ይችላል። ጭጋጋም ዐረፍተ ነገር እንደ ቆሻሻ ሞተር ነው፤ ሐሰት ቢኖርበትም በቅባቱ ውስጥ ይጠፋል። ጥርት ያለ ዐረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ግን «እዚህ ጋ ስተሃል» ለሚለው ሁሉ ራሱን አመቻችቷል። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ድፍረት የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ማብራትን ጣዖት አናድርገው። የማይወለወል ቦታ አለ። ሁለት ክፍሎች በጓርኒሲዮን የሚገጠሙበት ገጽ በእጅ አይፈተግም፤ ዝንፍ ካለ ሞተሩ ማፍሰስ ይጀምራል። ሙቀት ለመስጠት የተሠሩ ቅጠላ ቅጠል መሰል ክንፎችም ቢተዉ ይሻላል፤ የሚያበራ ገጽ ሙቀትን በጨረር የመስጠት ዐቅሙ ከደብዛዛው እጅግ ያነሰ ነውና። ከዚህም ሌላ ነጭ የሆነ ሁሉ አልሙኒየም አይደለም። የአሮጌው ቮልስ የሞተር አካል በማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ የማግኒዥየም ዱቄት እሳት ከያዘው በውሃ አይጠፋም፤ ይብስበታል። የአልሙኒየም ዱቄትም ቢሆን ከጥቁር ብረት ዝገት ዱቄት ጋር ተደባልቆ ከተቀጣጠለ የባቡር ሐዲድ የሚበየድበትን ዓይነት እሳት ይሰጣል። ስለዚህ የሁለቱ ብናኝ ባንድ ቦታ እንዳይጠራቀም ይደረጋል፤ አፍንጫና አፍም ይሸፈናል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ የሚንከባከቡትን ነገር ጠባይ ሳያውቁ መንከባከብ ነገሩን መጉዳት እንደሆነ ነው። ልጁን እየወደደ የሚያበላሽ ወላጅ፣ ሕዝቡን እወዳለሁ እያለ ሕዝቡን የማያውቅ ፖለቲከኛ፣ ክንፉን ከሚወለውለው ሰው አይለዩም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደን ነው፤ በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው አፍ የመጣ ነውና። አንድ እሑድ አራት ሆነን በአንድ ጓደኛችን ግቢ ክዳን ስንፈትግ የጎረቤት አባት በአጥር ላይ ብቅ አሉና «እናንተ ልጆች፣ ሞተሩን ልትድሩት ነው እንዴ?» አሉን። ሳቅን። ጥቂት ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና «እንዲህ ያለ ጉልበት ካላችሁ የሰፈሩን ቦይ ብትጠርጉት አይሻልም?» አሉ። ያን ጊዜ አልሳቅንም።

ጋሼ ያሉት ነገር ቀልድ አይደለም። ክረምት ሲመጣ ቦዩ ይሞላል፤ ውሃው ወደ ሰው ቤት ይገባል። በዚህ መሐል የአንድ መኪና ክዳን ፊት ማሳየቱ ለማን ይበጃል? ለራሳችን ልንመልስ የሞከርነው እንዲህ ነው። ቦይ ማለት የሰፈር ኮፈን ሥር ነው። ማንም አያየውም፤ ሲደፈን ነው የሚታወሰው። ዋናውን አስፋልት አጥቦ አበባ የሚተክል፣ ቦዩን ግን የሚተው አስተዳደር ላዩን የሚቀባ ሻጭ ነው። እንግዲህ የሽማግሌው ጥያቄ የክርክራችን ተቃራኒ ሳይሆን ተከታይ ሆኖ አገኘነው። የማይታየውን መንከባከብ ዋጋ አለው ካልን፣ ዋጋው በገዛ መኪናችን ኮፈን ላይ ሊቆም አይችልም። እዚያው ከቆመ ግን ቬብለን ትክክል ነበር፤ የያዝነውም ልማድ ሳይሆን መጫወቻ ነው። ሽማግሌው የሰጡን መልስ አይደለም፤ መለኪያ ነው።

በዚያው ቀን የጓደኛችን እናት ቡና ይዘው ወጡና የጠቆረ እጃችንን አይተው፣ «እናንተ ዛሬ የጀመራችሁትን እኔ በድስት ላይ ስሠራው ኖሬያለሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው። «ብረት ድስት» የምንለው የቤታችን ድስት ከዚሁ ብረት የተሠራ ነው። በአመድና በአሸዋ ተፈትጎ፣ ጥላሸቱ ተነሥቶ፣ እንደ ጨረቃ ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያላየ የለም፤ በነጋታው ተመልሶ እሳት ላይ ይጣዳል። ስለዚያ ድስት ጽሑፍ የጻፈ ግን አላየንም። የከተማችን ሊስትሮም ቀኑን ሙሉ የሰው ጫማ ሲወለውል ይውላል፤ ለእሱ ማብራት ፍልስፍና ሳይሆን እንጀራ ነው። ስለዚህ «መወልወል ክቡር ነው» ስንል ልብ ልንል ይገባል። እኛ ስንፈልግ እንይዘዋለን፤ ሲደክመን እንተወዋለን። ሊተዉት የማይችሉ አሉ። የሥራውን ክብር የምንሰብከው ሌላው በሥራው እንዲቀር፣ እኛ ደግሞ እንድናወድስለት ከሆነ፣ ያው መቀባት ነው።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ ጊዜ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን አስታወቀ። በዓለምም ነገሩ ወደዚያው እያዘነበለ ነው። እዚህ አገር ብዙ ያገለገለው ቮልስ፣ 21,529,464 ከተሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ምርቱ ቆሟል። የኤሌክትሪክ መኪና ባልቦላ የለውም፤ የባልቦላ ክዳንም የለውም። ታዲያ ዘመኑ የሚያልፍበትን ነገር መወልወል ምን ይሉታል? አስከሬን መገነዝ ነው?

አይመስለንም። ሲጀመር የማያልፍ ነገር ብቻ ይንከባከቡ ቢባል ለመንከባከብ የሚበቃ አንዳች አይገኝም፤ ወላጆቻችንም አይገኙበትም። ደግሞ ብረቱ ራሱ አይጠፋም። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አሮጌውን አቅልጦ እንደገና መቅዳት አዲስ ከማውጣቱ ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይጠይቃል። ዛሬ የምንፈትገው ክዳን አንድ ቀን በአንድ ባለእጅ ምድጃ ውስጥ ገብቶ የአንዲት እናት ድስት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የእኛ ብርሃን በላዩ አይኖርም፤ ቀልጦ ጠፍቷል። የሚቀረው በእጃችን ላይ የቀረው ነው፤ ደረጃ አለመዝለል፣ ጀርባውንም ማየት፣ ጠብታው ሲመጣ አለመደንገጥና ከየት እንደመጣ መፈለግ።

እንግዲህ «ለማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የደረስንበት ይህን ያህል ነው። ኮፈን ሥር ያለው ውበት ለሚያልፈው ሰው አይደለም፤ ለባለቤቱም ደስታ ብቻ አይደለም። ነገሩ ሲበላሽ ተጠያቂ ለሚሆነው ሰው ነው። የእኛን ክርክር ግን ሽማግሌው ባሉት ቦይ ፊት ማቆም ይገባል፤ እዚያ ካልቆመ አልቆመም። ከቦዩ በፊት ክዳኑን የመወልወል መብት አለን ወይስ የለንም? አለን የሚል ምክንያቱን፣ የለንም የሚልም ምክንያቱን ይጻፍልን፤ ሳይቀባ።